ከመውጣት ነፃ

ስሜ ድንበሩ ነው። በዚያች ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት ደብዳቤ አዳይ ነበርኩ። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ሰዎቿ አሁንም እዚያው ይኖራሉ። የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትንና እጄ ያለበትን ብቻ ነው። እጄ የሌለበትን ሌላ ሰው ያውራው።

እኔ ጡረታ ስወጣ እግሮቼ ወሬውን አልሰሙም። ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ይነሳሉ። ሳላስበው ከአንዱ ደጅ ደርሼ እቆምና የማስረክበው ነገር እንደሌለኝ ትዝ ሲለኝ፣ እንደምን አደራችሁ ብዬ ወደሚቀጥለው ደጅ እሄዳለሁ። ሰዉ ለምዶኝ ነበር። ልጆቼ ሩቅ አገር ናቸው፤ ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች። ቤት ውስጥ ስቀመጥ ግድግዳው እየተጠጋ የሚመጣ ይመስለኛል።

የጡረታ መክፈያው ቤት ከከተማዋ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ ነው የተሠራው። ወደዚያ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርከን አለው። ለምን እዚያ እንደተሠራ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ። አንዱ፣ ለመዝገብ ነፋሻ ቦታ ይስማማዋል አለኝ። ሌላው፣ የመንግሥት ገንዘብ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ፣ ቤቱን ያሠሩት ሹም በዚያን ጊዜ ገና የሠላሳ ዓመት ሰው ነበሩ አለኝ። ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም።

ጡረተኛ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከክረምት በፊት አንዴ ከክረምት በኋላ፣ በአካል ወጥቶ ይቀበላል። ደረጃው ሲያልቅ የጉልበት መርማሪ የሚባል ሹም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሥራው እያንዳንዱ አሮጌ ሰው እንዴት አድርጎ እንደደረሰ መመዝገብ ነው። ሳያለከልክ የደረሰ፣ ገና መሥራት ይችላል ተብሎ ግማሹ ይቀነስበታል። በሰው ጀርባ ታዝሎ የደረሰ፣ የሚያዝለው ካገኘ ጧሪ አለው ማለት ነው ተብሎ ይሰረዛል። ጨርሶ ያልመጣ «አልቀረበም» ይባላል። ሦስት ጊዜ ካልቀረበ «የለም» ተብሎ ይጻፍበታል። ስለዚህ ሙሉውን ለማግኘት በራስ እግር፣ ግን ነፍስ ልትወጣ ትንሽ ሲቀራት መድረስ ያስፈልጋል።

እኛም ይህንኑ ተማርን። ሁለት መቶኛው እርከን ላይ ቆም እንልና ማለክለክ እንለማመዳለን። ከሁላችንም የሚበልጠው ጓንጉል ነበር። ጓንጉል ግንበኛ ነው፤ በወጣትነቱ ከዚያ ደረጃ አርባውን እርከን ያነጠፈው እሱ ነው። «በደረታችሁ አይደለም፣ በትከሻችሁ ነው» እያለ ያስተካክለናል። አንድ ጊዜ እሱ ራሱ አብዝቶት፣ መርማሪው ይህ ሰውዬ እየሞተ ነው፣ ለሟች ደግሞ አይከፈልም ብሎ ሊመልሰው ደርሶ ነበር። ጓንጉል ቶሎ ብሎ ቀነሰለት።

ይህን ሁሉ ማናችንም እንደ ጉድ አናየውም ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ እንደሚያዝ ያለ ነገር ነው። እኔን ዕረፍት የነሳኝ የእትዬ አመልማል ጉዳይ ነው።

እትዬ አመልማል በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። በጨው መጋዘኑ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጆንያ ሰፍታለች። ሥራው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ የሚሠራ ነበርና ጉልበቶቿ ከእሷ ቀድመው አረጁ። በሁለት ምርኩዝ ከቤቷ እስከ ውኃ ቧንቧው ትደርሳለች፤ ከዚያ አታልፍም። ደረጃውን ከወጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። መዝገቡ ላይ «የለችም» ተብሎ ተጽፎባታል። ድሮ በዓመት አንድ ደብዳቤ ከእህቷ ይመጣላት ነበር። እህትየዋ ስትሞት ደብዳቤው ቀረ፤ እኔ ግን በዚያ በኩል ማለፌን አልተውኩም። አንዳንዴ ስኳር፣ አንዳንዴ ምስር ይዤ እሄድና ሳላስበው አብዝቼ ገዛሁ እላታለሁ። እሷም ትቀበለኝና፣ አንተ ሰውዬ መቼም ግዢ አይሆንልህም ትለኛለች። ሁለታችንም እናውቃለን። በየስድስት ወሩ ወጥቼ የራሴን ተቀብዬ ስወርድ በሌላ መንገድ ዞሬ ነበር ቤቴ የምገባው።

ምርጫ የመጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። የሸንጎውን ወንበር ይዘውት የኖሩት ሰውዬ ስለ ደረጃው ሲጠየቁ፣ ደረጃ መውጣት ዕድሜ ያስረዝማል፣ የሚወጡትን ተመልከቱ፣ ሁሉም በሕይወት አሉ ብለው መለሱ። በእርግጥም ስንመለከት ሁላችንም በሕይወት ነበርን። የሚፎካከራቸው ናሁሰናይ የሚባል አርባ ያልሞላው ሰው ነው። አሮጌው የእህል ጎተራ ውስጥ ሰበሰበን። መቶ አርባ ሰው እንሆናለን። ንግግር ከመጀመሩ በፊት እየዞረ የሁላችንንም ጉልበት ሳመ፤ ሁለቱንም ጉልበት። ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ሰዓት ፈጀ። ሲጨርስ ልብሱ በአቧራ ተበክሎ ነበር፤ አላራገፈውም። ይህ ነገር በብዙ ሰው ልብ ገባ። በእኔም ገባ።

ከዚያ በኋላ ቆሞ እንዲህ አለ፦ «እናቶቼና አባቶቼ፣ ክረምቱ ሳይገባ ያንን ቤት ከገደሉ ላይ አወርደዋለሁ። ከእንግዲህ መውጣት ያቃተው ማንም ሰው ውጣ ተብሎ አይገደድም። ስሙ የተሰረዘ ሁሉ ስሙ በክብር ይጻፋል፤ በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ።»

ጓንጉል አጠገቤ ነበር፤ እንባውን በመዳፉ ሲጠርግ አየሁት። በሥራው ምክንያት መዳፉ እንደ ወንፊት ሻካራ ስለነበር ፊቱን አቀላው።

ስብሰባው ሲያበቃ ናሁሰናይ እኔን ፈልጎ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም፣ ታሪኬን ያውቀዋል። የምርጫ ሰዎቹ ደጅ ሲያንኳኩ አሮጌ ሰው በሩን አይከፍትም አለኝ። ለእኔ ግን ሁሉም ይከፍታል። ስለዚህ በየቤቱ እየዞርኩ ቃሉን እንዳደርስለት ለመነኝ። ገንዘብ አላቀረበልኝም፤ ቢያቀርብልኝ ኖሮ ነገሩ ይገባኝ ነበር። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ አመልማል የምትባል ሴት አለች፣ ስሟ ይጻፋል ወይ አልኩት። ስሟን እስከ አያቷ አስነግሮኝ በማስታወሻው ጻፈና «ጋሽ ድንበሩ፣ ይህን አደራ አልበላም» አለኝ።

እግሮቼ ደስ አላቸው። ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ዞርኩ። የጫማዬን ሶል ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ። እያንዳንዱ ደጅ ላይ የምናገረውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰዎቹም ከመጀመሪያው ቃል በላይ አያስወሩኝም፤ አንተ ካልክ እሺ ይሉኛል። እንደዚያ ሲሉኝ ደረቴ ይሞላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይህ ሰው ያለውን ባያደርግስ እላለሁ። ቆም ብዬ እንዳላስበው ወደሚቀጥለው ደጅ እፈጥናለሁ።

እትዬ አመልማል ዘንድ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው። የምለውን ሁሉ ሳታቋርጠኝ ሰማችና እንዲህ አለችኝ፦

«ድንበሩ፣ ደብዳቤ ስታመጣልኝ በነበረበት ጊዜ ውስጡ ያለውን አታውቅም ነበር። የእህቴን መርዶ ያመጣኸው አንተ ነህ። አልተቀየምኩህም፤ የታሸገ ነው። የአሁኑንስ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው እመርጣለሁ» አለችኝ።

የለችም የተባለች ሴት እንዴት ትመርጣለች ትሉ ይሆናል። የጡረታው መዝገብና የምርጫው መዝገብ ለየብቻ ናቸው። ከጡረታው መዝገብ ሰው ቶሎ ይወጣል፤ ከምርጫው መዝገብ ግን እስከዛሬ የወጣ የለም። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ እንኳ አሁንም አሉበት።

በምርጫው ቀን የናሁሰናይ ሰዎች መሄድ ያቃታቸውን በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። እትዬ አመልማልንም አራት ጎረምሶች እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው አመጧት። ያንን ያህል ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። ድምፅ ሰጥታ ስትወጣ ግን ቃሬዛው የለም፤ ገና ያልመረጡትን ሊያመጡ ሄደዋል። የመረጠውን ለመመለስ የታዘዘ ሰው አልነበረም። እኔ ስደርስ ከምርጫው ጣቢያ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከረፋዱ ጀምሮ እዚያው ነች። አንድ እጇ ምርኩዝ ላይ፣ ሌላው ትከሻዬ ላይ ሆኖ ወደ ቤቷ ሄድን። እኔ ሩብ ሰዓት የማይፈጅብኝን መንገድ በሁለት ሰዓት ጨረስነው። ስለ ቃሬዛው ምንም አልተናገረችም። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤቷ ድመት አወራችኝ። ላብ ያጠመቀው እኔን ነበር።

ናሁሰናይ አሸነፈ። ቃሉንም ጠበቀ።

ክረምቱ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤቱ ወረደ። ሙዚቀኞች መጡ። ስምንት ሰዎች ትልቁን ሰሌዳ፣ «የጡረታ ጽሕፈት ቤት» የሚለውን፣ ከገደሉ ላይ ተሸክመው አወረዱና ደረጃው ሥር አዲስ በተሠራ ዳስ ላይ ሰቀሉት። ጠረጴዛው ወረደ፣ ማኅተሙ ወረደ፣ የጉልበት መርማሪው ከነበርጩማው ወረደ። አሮጊቶቹ እልል አሉ። እኔም አጨበጨብኩ። ናሁሰናይ ጥብጣቡን ቆርጦ የቅርብ የቅርቦቹን ጉልበት ሳመ። በዚያው ሳምንት መርማሪው ወደ ዳሱ መምጣት የሚችሉትን እዚያው፣ የማይችሉትን ደግሞ በየቤታቸው እየዞረ ሁላችንንም መረመረ። ወዲያው ዝናቡ ጣለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ናሁሰናይ አስጠራኝና አዲስ የቆዳ ቦርሳ ሰጠኝ። ውስጡ ስልሳ ሦስት ወረቀት አለ፤ ጠርዙ ወርቃማ፣ በሦስት ዓይነት ማኅተም የታተመ። ይህንን ለባለቤቶቹ ከእርስዎ በቀር የሚያደርስ ሰው አላገኘሁም አለኝ። ዳሱ ሥር ተጠልዬ አንዱን አወጣሁ። የእትዬ አመልማል ነበር። ስሟ እስከ አያቷ ድረስ፣ በገዛ እጁ፣ በሚያምር ጽሕፈት ተጽፏል። ከሥሩ በትልቁ «ከመውጣት ነፃ» ይላል። ደስ ብሎኝ ሳቅኩ። ከሥር ከሥር ደግሞ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ወረቀት ባለቤት ወደ መክፈያው መስኮት ከመውጣት ግዴታ ነፃ ነው። ወጥቶ ከተገኘ ነፃነቱ ይሰረዛል።»

መርማሪው እዚያው አጠገቤ በርጩማው ላይ ነበር። መክፈያው መስኮት አልወረደም ወይ አልኩት። ካዝናው ከአለቱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ አይወርድም አለኝ። ታዲያ ነፃ የተባሉት ሰዎች በየት በኩል ይቀበላሉ አልኩት። መስኮቱ የሚከፍለው ለወጣ ሰው ነው፤ እነሱ ደግሞ ከመውጣት ነፃ ናቸው አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ዝናቡ እንዳይነካኝ በርጩማውን ጠጋ አደረገልኝ።

በዝናቡ ውስጥ ወደ ናሁሰናይ ቢሮ ተመለስኩ። እንዲህ ርሼ ሲያየኝ ደነገጠና ፎጣ አስመጣልኝ። ችግሩን ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ከመሳቢያው ያንን የጎተራውን ንግግር አውጥቶ ቃል በቃል አነበበልኝ። ቤቱን አወርዳለሁ ብሎ ነበር፤ አውርዷል። ያቃተው አይገደድም ብሎ ነበር፤ የሚያስገድድ የለም። ስማቸውን በክብር እጽፋለሁ ብሎ ነበር፤ ስልሳ ሦስት ስም ሲጽፍ ሁለት ሌሊት አልተኛም። እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ጣቱ በእርግጥም አብጧል።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ከቃሌ ያጎደልኩት ካለ ይንገሩኝ» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ብፈልግ ብፈልግ የጎደለ ቃል አጣሁ። ፎጣውን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

በቀጥታ ወደ እትዬ አመልማል ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን በእጇ ላይ አስቀምጬ፣ ማንበብ ስለማትችል፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ደቃቁንም ፊደል አነበብኩ። ከዚያ አውቀዋለሁ ያልኩሽ ውሸት ነበር፣ አላውቀውም ነበር አልኳት። ጣቷን ባሳየኋት ስሟ ላይ ሄድ መለስ አደረገችና፣ ስሜን አሳምሮ ጽፎታል አለች። ሌላ ነገር ብትለኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ይሻለኝ ነበር።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። «ለሌሎቹም አድርስላቸው» አለችኝ። «ግን በር ላይ ጥለህ እንዳትሄድ። ለእኔ እንዳደረግከው ቁጭ ብለህ አንብብላቸው።»

ስልሳ ሁለት ቤት ቀረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቦርሳ የለም። አንዷ አሮጊት ወርቃማውን ጠርዝ አይታ አቅፋ ሳመችኝ፤ ሁለተኛ ካላነበብኩላት አልገባትም። አንዱ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋ። ጓንጉልም ወረቀት ነበረው። አንተ መውጣት የምትችል ሰው ምን ሆነህ ነው ነፃ የተባልከው ብለው፣ ለካ መርማሪው ሲጠራው በለመደው ልማድ አለክልኮ ነበር፤ ከመቼውም አስበልጦ። መርማሪውም አዝኖለት ከመውጣት ነፃ አወጣው። አንብቤ ስጨርስ ኮሌታዬን ያዘኝ።

«በሬን ያንኳኳኸው አንተ ነህ» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ ያዘኝና ለቀቀኝ። ከዚያ ተቀመጥ ብሎ ጠላ ቀዳልኝ። አልጠጣሁትም፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ዝናቡ አልፎ የክፍያው ቀን ሲቃረብ እትዬ አመልማል በእኔ በኩል ለሁሉም መልእክት ላከች። የምትወጡ ውጡ፣ እኔ ግን በዚያን ቀን ደረጃው ሥር እቀመጣለሁ አለች። ለምን ስላት፣ የለችም ብለው የጻፉት ሰዎች ቁጭ ብዬ ይዩኝ አለች። ሌላ ዕቅድ አልነበራትም።

ጎህ ሲቀድ ከቤቷ ተነስታ ረፋድ ላይ ደረሰች። የመጀመሪያው እርከን ላይ፣ መሃል ላይ፣ ተቀመጠች። ጓንጉልም መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ነፃ የተባሉት አንድ በአንድ እየመጡ ከሥሯ ተደረደሩ። መርማሪው ለመውጣት «ብቁ» ናቸው ያለን ሰዎች በእነሱ መካከል እየረገጥን ማለፍ ነበረብን። መጀመሪያ አንድ የቀድሞ አናጢ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። አሥር እርከን ያህል ወጣ፤ ቆመ፤ ጫማውን የሚያስር መሰለ። ጫማው ክር አልነበረውም። ከዚያ ተመልሶ ወረደና ተቀመጠ።

ቀጣዩ ተራ የእኔ ነበር። እግሮቼ መውጣት ፈልገው ነበር፤ አልዋሻችሁም። ከእትዬ አመልማል ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው አልወጣም። መርማሪው መቶ ሠላሳ ስምንት ጊዜ «አልቀረበም» ብሎ ጻፈ፤ ሁላችንም ፊት ለፊቱ ተቀምጠን።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ሳስበው አሁንም ይከፋኛል። ሰዉ ዕቃውን ሸጠ። እኔ ሰዓቴንና የሚስቴን ሳጥን ሸጥኩ። አንድ ድስት ሽሮ ሦስት ቤት ይዞራል። አንዳንዱ ሌሊት ተነስቼ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ እኔ ነኝ እዚህ ያደረስኳቸው እላለሁ። ጓንጉል በብርዱ ወር ሞተ። የነበሩት እንደነገሩኝ ሲሞት አላለከለከም። ቀባሪው ብዙ ነበር፤ ናሁሰናይም መጥቶ አለቀሰ። ያለቀሰው ለይምሰል አይመስለኝም።

ሁለተኛው የክፍያ ቀን መጣ፤ ተቀመጥን። ሦስተኛው ከመጣ ሁላችንም «የለም» ልንባል ነው። አንዳንዶቹ ሌሊት ሌሊት ሊወጡ ይመካከራሉ የሚል ወሬ ሰማሁ። አልፈረድኩባቸውም። ሦስተኛው ክፍያ ሲደርስ ግን ሁሉም መጡ። ማንም አልወጣምና ክፍያው በቀን በቀን ተራዘመ፤ አንዱን ቀን ተቀመጥን፤ ሁለተኛውን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከላይ የድንጋይ ኮሽታ ሰማን።

ከፋዩ አቶ ይታገሱ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ከዚያ መስኮት ኋላ የኖረ ሰው ነው፤ ፊቱን እናውቀዋለን፣ እግሩን ግን አይተነው አናውቅም ነበር። የብረት ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ አንድ በአንድ እየረገጠ ይወርዳል። በየአሥሩ እርከን ሣጥኑን አስቀምጦ ይተነፍሳል። ለካ በሕጉ መሠረት ሦስት ጊዜ አንድም ተቀባይ ያጣ መስኮት ይዘጋል፤ ከፋዩም ያለ ጡረታ ይሰናበታል። ለጡረታው ሁለት ዓመት ነበር የቀረው። ከአለቱ ጋር የተሠራው ካዝና ደግሞ ለካ በር አለው፤ ቁልፉም በኪሱ ነበር።

ሥር ሲደርስ ያለከልክ ነበር። ማንም አልሳቀበትም። ሣጥኑን ከፍቶ መዝገቡን ዘርግቶ የመጀመሪያውን ስም ጠራ። የእኔ ነበር። አልተነሳሁም። መጀመሪያ አመልማል ትጻፍ አልኩት። መዝገቡን አገላብጦ፣ እንዲህ ያለች ሴት የለችም አለኝ። ይህቻት ተቀምጣለች አልኩት። ሁለተኛውን ስም ጠራ፤ አናጢውም አልተነሳም። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ጠራ። ፀሐዩ ይለበልበው ነበር። በመጨረሻ ብዕሩን አንስቶ ስሟን ጻፈ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ዓምድ ደረሰና ብዕሩ ቆመ።

«እማማ፣ እንዴት መጡ ብዬ ልጻፍ?» አላት። «በራስዎ፣ በምርኩዝ ወይስ በሰው?»

እትዬ አመልማል አየችው። «እኔ አልመጣሁም» አለችው። «አንተ መጣህ ብለህ ጻፍ።»

ወደ መርማሪው ዞረ። መርማሪው በርጩማው ላይ ሆኖ ሰማይ ሰማዩን ያያል። አቶ ይታገሱ ላቡን ጠርጎ፣ እንዳለችው ጻፈና ገንዘቡን በሁለት እጁ ሰጣት። ከዚያ ሁላችንም በየተራ ተነሳን።

ከሰዓት በኋላ ናሁሰናይ ከሙዚቀኞቹ ጋር ደረሰ። መክፈያው ወረደ፣ ቃሌን ፈጸምኩ ብሎ ንግግር አደረገ። በሚቀጥለውም ምርጫ አሸነፈ። እኔ አልመረጥኩትም፤ ብዙዎቹ ግን መረጡት። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው ይላሉ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አይደለም ማለት አልችልም። ስልሳ ሁለቱ ቤቶች ደግሞ አሁን ሳንኳኳ መጀመሪያ ማነህ ብለው ይጠይቃሉ፤ ድሮ በኮቴዬ ያውቁኝ ነበር።

ክፍያው ከሆነ ከሳምንት በኋላ በእትዬ አመልማል ደጅ አለፍኩ። በእጄ ምንም አልያዝኩም ነበር፤ የሚያስዋሽ ነገር አልነበረም። እሷ በሯ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ አዲስ የእንጨት ወንበር አለ፤ መደገፊያ ያለው፣ ገና የቀለም ሽታው ያልለቀቀው። አናጢው ነው የሠራው፤ ከተቀበለችው ገንዘብ መጀመሪያ የከፈለችው ለእሱ ነው። ለጉልበትሽ ጥሩ አደረግሽ አልኳት። የእኔማ ይኸው በርጩማዬ አለኝ አለችኝ።

«እዚህ ደጅ ላይ ስንት ዓመት ቆመህ እንደሄድክ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤ ሱሪዬን ያዘው። አልነገርኳትም። እሷ ስለ ጎረቤቷ ድመት ማውራት ጀመረች፤ ሦስት ወልዳለች፣ አንዷ ነጭ ናት። እኔ እየሰማሁ እግሮቼን አየኋቸው፤ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፣ እንደገና ይቆማሉ። ድመቷ ልጆቿን የት እንደደበቀች ነግራኝ ሳትጨርስ ፀሐይ ገባች።